ከነጋዴ አለቅነት ወደ ሚኒስትርነት፦ የነጋድራስነት ሹመት ሲመረመር

ባለፈው የትምህርት ዓመት በኮሌጃችን የክርክር ማኅበር «ነጋዴ ቢሾም አገር ይጠቀማል» የሚል ርእስ ቀርቦ ሁለት ወገን ተከራክሮበት ነበር። ደጋፊው ወገን ነጋዴ ሒሳብ ያውቃል፥ ቀኑን በከንቱ አያሳልፍም፥ ገንዘብ በምን ድካም እንደሚገኝ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገበያ ተምሯል አለ። ተቃዋሚው ወገን ደግሞ ነጋዴ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ወንበሩን ሱቅ ያደርገዋል ሲል መለሰ። የሚገርመው ግን ሁለቱም ወገኖች ከታሪክ ምስክር ሲጠሩ የጠሩት አንድ ማዕርግ መሆኑ ነው። ደጋፊዎቹ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን ጠሩ፤ ተቃዋሚዎቹ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስን ጠሩ። አዳራሹም ለሁለቱም እኩል አጨበጨበ።

ወደ ዊንጌት በሚወስደው አውቶቡስ ተሳፍረን ወደየቤታችን ስንመለስ ክርክሩ ገና አልበረደም ነበር። ከመካከላችን አንዱ «አንድ ማዕርግ ሁለቱን ዓይነት ሰው ካፈራ፥ ልማቱም ጥፋቱም የሰውየው እንጂ የማዕርጉ አይደለም» አለ። ሌላው ግን «ወይም ማዕርጉ ምን እንደ ነበረ ገና አላወቅን ይሆናል» ብሎ መለሰ። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚህ ከሁለተኛው መልስ ነው።

በበኩላችን የምንለው በአጭሩ ይህ ነው። ነጋድራስነትን ያበላሸው የንግድ ሰው መሾሙ አይደለም። ያበላሸው ቀረጥ መሰብሰብን፥ በንግድ ጉዳይ መፍረድንና ከንግድ መጠቀምን በአንድ ሰው እጅ ያለ ደመወዝና ያለ ሒሳብ መርማሪ ማኖሩ ነው። እንዲህ ባለ ሹመት ላይ ደግ ሰው ቢቀመጥ ብዙ አይለውጠውም፤ ክፉ ሰው ቢቀመጥበትም ክፋቱን ከሕግ ለመለየት ያስቸግራል። ይህንን ለማስረዳት አስቀድመን ሹመቱን፥ ቀጥሎ ሁለቱን ሰዎች፥ በመጨረሻም ለዛሬው ዘመን የሚሰጠንን ትምህርት እንመለከታለን። በተለይ «እ.ኤ.አ.» ካላልን በቀር ዓመቶቹ በአገራችን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሀ. ሹመቱ

ነጋድራስ የሚለው ቃል ከግዕዙ «ነጋዲ»ና «ርእስ» የወጣ ሲሆን ትርጉሙ የነጋዴዎች ራስ፥ የነጋዴዎች አለቃ ማለት ነው። ቃሉ እንደሚመሰክረው ነገሩ የተጀመረው ከቤተ መንግሥት ሳይሆን ከመንገድ ነው። የሲራራ ነጋዴ አሞሌውን፥ ሰሙን፥ ጥርኙን፥ የዝሆን ጥርሱንና ቡናውን በበቅሎና በአህያ ጭኖ ከገበያ ወደ ገበያ ሲጓዝ ብቻውን አይወጣም። በየወንዙ ማዶና በየተራራው በር ኬላ አለ፤ በየኬላውም የሚቀርጥ ሹም አለ። ስለዚህ ነጋዴዎቹ ተሰብስበው ይጓዛሉ፤ ከመካከላቸውም መንገድ የሚያውቅ፥ ቋንቋ የሚችል፥ ከኬላ ጠባቂ ጋር የሚከራከር፥ የተጣላ የሚያስታርቅ ሽማግሌ አለቃ ይሆናቸዋል። በዚህ መልኩ የታየው ነጋድራስ የነጋዴው አፍ ነበር።

በኋላ ግን ገዢዎች በንግድ ላይ ያለውን ገንዘብ ሲመለከቱ፥ ይህንን አለቃ ራሳቸው መሾም ጀመሩ። ጎንደርን፥ ዐድዋን፥ በኋላም አዲስ አበባንና ድሬዳዋን በመሳሰሉ የንግድ ከተሞች ነጋድራሱ የገበያውን ቀረጥ የሚሰበስብ የመንግሥት ሹም ሆነ። አሠራሩም ግልጽ ነበር። ነጋድራሱ በዓመት ይህን ያህል ብር ለግምጃ ቤት አገባለሁ ብሎ ይሾማል፤ ከዚያ በላይ የተገኘው ለእርሱና በሥሩ ላሉት ሰዎች ይሆናል። የነጋዴው አፍ የነበረው ሰው የገዢው እጅ ሆነ ማለት ነው። ነጋዴውም በዚያው ቀን አፉን አጣ።

ይህንን ስናወራ ያለፈውን ዘመን ዛሬ በተማርነው ሚዛን ብቻ መመዘን ፍርደ ገምድልነት ነው። የሠለጠነ ጸሐፊ፥ የታተመ ደረሰኝ፥ የባንክ ቤት በሌለበት አገር ቀረጥን በቃል ኪዳን ማሰብሰብ ከሁሉ የቀለለ መንገድ ነበር። በእኛ አገር ብቻም የታየ አይደለም። በፈረንሳይ አገር የንጉሡን ግብር የሚሰበስቡት በውል የሚይዙ ባለጠጎች ነበሩ፤ ይህም ሥርዓት የተሻረው በታላቁ አብዮት ዘመን በ1791 እ.ኤ.አ. ነው። በኬሚስትሪ ትምህርታችን ስሙን የምናውቀው ላቯዝዬ ከነዚሁ ግብር ሰብሳቢዎች አንዱ ስለ ነበረ በ1794 እ.ኤ.አ. አንገቱ ተቆርጧል። ሊቅነቱ ከሹመቱ አላዳነውም።

የዚህ ዓይነት አሠራር ጉዳቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ለሁሉ የሚታየው ነው። ትርፉ የሰብሳቢው ከሆነ ሰብሳቢው ነጋዴውን እስኪችል ይጨምቀዋል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ከእንዲህ ያለ ሥርዓት ጋር የሚስማማ ነው፤ ዕድሜው የማይታወቅ ሹመት ያለ ሰው ለሩቅ አያስብምና። ሁለተኛው ጉዳት ግን በክርክራችን ማንም ያላነሣው ነው። ግምጃ ቤቱ ቁርጥ ያለ ገንዘብ ስለሚቀበል፥ በገበያው በእርግጥ ምን ያህል ዕቃ እንደ ገባና እንደ ወጣ ማወቅ አያስፈልገውም። ሒሳቡ በነጋድራሱ ራስ ውስጥ ይቀራል። እንዲህ ያለ መንግሥት የራሱን አገር ንግድ አያውቅም፤ የማያውቀውንም ማስተዳደር አይችልም።

ለ. ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ

ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል የአዲስ አበባ ነጋድራስ ሆነው ሲሠሩ ከተማው ገና በመቆርቆር ላይ ነበር። ገበያው በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ይውላል፤ ከደቡብና ከምዕራብ ቡናውና ሰሙ፥ ከባሕር በር ደግሞ አቡጀዲውና ልዩ ልዩው የፋብሪካ ዕቃ ይገባበታል። በዚህ ገበያ ላይ ነጋድራሱ ቀረጡን ይሰበስባሉ፤ ሻጭና ገዢ ሲጣሉ ይፈርዳሉ፤ የውጭ አገር ነጋዴዎችም ከኢትዮጵያውያን ጋር ሲካሰሱ ጉዳያቸው ወደ እሳቸው ይቀርባል።

በጥቅምት ወር 1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በአገራችን የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ፥ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የጦር፥ አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርድ ሚኒስትር ሲባሉ፥ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ተባሉ። ንግድና የውጭ ጉዳይ በአንድ ሰው መያዙ ለዛሬ አንባቢ እንግዳ ነገር ነው። በዚያን ጊዜ ግን ምክንያት ነበረው፤ አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች ወደ አዲስ አበባ የሚመጡት ለንግድ ወይም ለውል ነበር፤ እነሱንም በየዕለቱ የሚያገኛቸው ነጋድራሱ ነበር። ስለዚህ ሹመቱ የእውቀትን መንገድ ተከትሎ የተሰጠ ነበር ማለት ይቻላል። የክርክሩ ደጋፊ ወገን እንደሚለው «የሚያውቅ ይሾም» የሚለው አሳብ በ1900 ዓ.ም. በተግባር ተፈትኗል።

ፈተናው እንዴት ሆነ? መልካሙን ጎን ብንመለከት፥ አንድ የንግድ አለቃ ከራሶችና ከደጃዝማቾች ጋር በአንድ ምክር ቤት መቀመጡ ትልቅ ለውጥ ነበር። ጦር በሚከበርበት አገር ሚዛንና መዝገብ የመንግሥት ጉዳይ ሆነ። በልጅ ኢያሱ ዘመንም ኃይለ ጊዮርጊስ ቢትወደድ ተብለው በሚኒስትሮቹ ላይ ቀዳሚ እስከ መሆን ደረሱ። በፒያሳ አካባቢ የሚታወቀው ቤታቸው በኋላ የከተማው ማዘጋጃ ቤት ሆኖ ማገልገሉ ራሱ ብዙ ይናገራል፤ አንድ ሰው ለግሉ የሠራው ቤት ለአንድ ከተማ አስተዳደር በቅቷል።

ነገር ግን የምናመሰግነው ቤት ጥያቄም ያስነሣል። ነጋድራሱ ሚኒስትር ሲሆኑ ነጋድራስነቱ አልቀረም። የቀረጥ ሰብሳቢነቱ፥ የገበያ ዳኝነቱ፥ የሚኒስትርነቱ ሥልጣን አንዱ በአንዱ ላይ ተደራረበ እንጂ አንዱ ሌላውን አልተካም። አንድ ነጋዴ ቀረጡ በዛብኝ ብሎ ቢጮኽ የሚጮኸው ወደ ቀራጩ ነው። ቀራጩ አጥፍቷል ብሎ ይግባኝ ቢል ይግባኙን የሚያየው የቀራጩ አለቃ፥ ማለትም ያው ሰው ነው። የንግድ ሕግ ይሻሻል ቢል አሻሻዩ ከአሮጌው ልማድ የሚኖረው ሰው ነው። በዚህ ጊዜ ሰውየው ጻድቅ ቢሆኑ እንኳ ጽድቃቸውን የሚያስመሰክሩበት መንገድ የላቸውም።

የዚህ ትውልድ ሚኒስትሮች ፍጻሜ የታወቀ ነው። በ1910 ዓ.ም. መሐል ሰፋሪው ተሰብስቦ ሚኒስትሮቹ ይውረዱልን ብሎ ጠየቀ፤ ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በቀር ሚኒስትሮቹ ሁሉ ተሻሩ። ሰፋሪው ከጠራቸው ጥፋቶች ዋናው ባለሥልጣኖቹ ለራሳቸው ሀብት አደለቡ የሚል ነበር። እኛ የምናስተውለው ግን ይህን ነው። ክሱን የሚመረምር ፍርድ ቤት፥ የሚገለጥም የሒሳብ መዝገብ ባለመኖሩ፥ ሹሞቹ ሲወርዱም ጥፋታቸው አልተቈጠረም፤ ንጹሕ የነበረው ከአጥፊው ጋር አብሮ ተጠረገ። ሒሳብ የሌለበት ሹመት ሕዝቡን ብቻ ሳይሆን ሹሙንም ይጎዳል የምንለው ስለዚህ ነው።

ሐ. ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ

ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. በዐድዋ አገር ተወለዱ። በልጅነታቸው በስዊድን ሚሲዮን ተምረው ከምጽዋ በመርከብ ወደ አውሮፓ ተሻግረው በኦስትሪያና በጀርመን አገር ቋንቋና ትምህርት ቀስመው ተመለሱ። «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተባለው ጽሑፋቸው በ1904 ዓ.ም. በአስመራ የስዊድን ሚሲዮን ባሳተመው «ብርሃን ይኹን» በተባለው መጽሐፍ ወጣ። በልጅ ኢያሱ ዘመን ወደ መንግሥት ሥራ ተመልሰው የምድር ባቡሩ ተቈጣጣሪ፥ ቀጥሎም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ። በ1911 ዓ.ም. በ33 ዓመት ዕድሜያቸው ገደማ ዐረፉ። ዋናው መጽሐፋቸው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የታተመው ከሞቱ ከአምስት ዓመት በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው።

ገብረ ሕይወት የሲራራ ነጋዴ አልነበሩም፤ ስለዚህ በክርክሩ ጊዜ «የተሾመ ነጋዴ» ተብለው መጠራታቸው ስሕተት ነበር። ሆኖም የያዙት ወንበር የንግድ አለቃ ወንበር ነው፤ የያዙትም በአገሩ ትልቁ በር ላይ ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ዓ.ም. ነበር። ሐዲዱ ወደ ፊት እስኪቀጥል ድረስ ድሬዳዋ የባቡሩ መጨረሻ፥ የሲራራው መጀመሪያ ነበረች። እዚያ የተቀመጠ ነጋድራስ አገሪቱ ምን እንደምትሸጥና ምን እንደምትገዛ በዓይኑ ያያል፤ ቡናውና ቆዳው ወደ ባሕር ሲወርድ፥ አቡጀዲውና ብረታ ብረቱ ወደ ላይ ሲወጣ ይቈጥራል።

የመጽሐፋቸውም ዋና አሳብ ከእንዲህ ያለ በር ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው የሚገለጥ ነው። የዕቃ ዋጋ ዕቃውን ለማውጣት የወጣው ድካም ነው ይላሉ። እንግዲህ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ብዙ ቀን የደከመበትን ጥሬ ዕቃ ሰጥቶ፥ ዕውቀት ያለው ሕዝብ በመኪና በጥቂት ሰዓት የሠራውን ዕቃ ይቀበላል። ሚዛኑ ላይ ብሩ እኩል ቢሆን እንኳ ድካሙ እኩል አይደለም። ስለዚህ ንግድ ሁሉ ልማት ነው የሚለውን አሳብ አይቀበሉትም። ይህ አሳብ በአማርኛ የተጻፈው ከመቶ ዓመት በፊት መሆኑን ስናስብ፥ በሌሎች አገሮች ያሉ የኢኮኖሚ ሊቃውንት እንደዚሁ ስላለው እኩል ያልሆነ ልውውጥ መጻሕፍት ያበዙት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መሆኑን ስንጨምርበት፥ የደራሲው ማስተዋል ያስደንቀናል።

ለመንግሥት ያቀረቡትም ምክር በቅን የታሰበ ነበር። የንጉሡ ሀብትና የመንግሥት ሀብት ይለይ፤ ግብሩ ተመርምሮ ልክ ይኑረው፤ የጉምሩኩ ሥርዓት አንድ ይሁን፤ ገንዘቡም አንድ ይሁን አሉ። አንባቢ ልብ ይበል፤ ይህ ሁሉ ነጋድራስነትን በቀድሞ መልኩ የሚያፈርስ ምክር ነው። ነጋድራሱ የተቀመጡበትን ቅርንጫፍ ራሳቸው በብዕር ይቈርጡ ነበር ማለት ነው። በዚህ ከብዙ ሹማምንት ይለያሉ፤ ክብራቸውም ከዚህ ይጀምራል።

እንግዲህ ተማሪ ሁሉ እንደሚያደርገው በማመስገን ብቻ መጨረስ ይቻል ነበር። ነገር ግን አንድ ጥያቄ እናነሣለን። እንዲህ ያለ ዕውቀት ያለው ሰው በዚያ ወንበር ተቀምጦ ለምን ሥርዓቱን አልለወጠውም? ዕድሜያቸው አጭር ነበር የሚል መልስ እውነት ነው፤ ግን ሙሉ መልስ አይደለም።

አንደኛ፥ የቀረጡ ልክ በእሳቸው እጅ አልነበረም። በጥር ወር 1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የክሎቡኮቭስኪ ውል ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ቀረጡ ከመቶ 10 እንዳያልፍ ወሰነ፤ ፈረንሳዊና ኢትዮጵያዊ ሲካሰሱም ዳኛው ከቆንስሉ ጋር እንዲያይ አደረገ። ሌሎቹም መንግሥታት ይኸው ይደረግልን አሉ። ስለዚህ ነጋድራሱ አቡጀዲው ያገሩን ሸማኔ እንደሚጎዳ ቢያውቁም፥ ሸማኔውን የሚጠብቅ ቀረጥ ማውጣት አይችሉም ነበር። ባቡሩም ቢሆን የፈረንሳይ ኩባንያ ንብረት ነበር። ዕውቀት ነበራቸው፤ ሥልጣኑ ግን ከበላያቸው በውል ታስሮ ነበር።

ሁለተኛ፥ እንደ እኛ አነባበብ የመጽሐፉ ድካም የሚታየው መድኃኒቱን ሁሉ ከላይ ከመጠበቁ ነው። ደራሲው በሽታውን በሸማኔውና በገበሬው ላይ በጥሩ ሁኔታ መረመሩት፤ መድኃኒቱን ግን ለገዢው ብቻ ጻፉት። አስተዋይ ንጉሥ ቢመጣ ይህን ያደርጋል የሚል ተስፋ በመጽሐፉ ውስጥ ሰፍኗል። ሸማኔው፥ ነጋዴው፥ ገበሬው ተሰብስበው ስለ ቀረጡ የሚናገሩበትን መድረክ አይፈልጉም። የሲራራው ነጋድራስ በጥንት ጊዜ የነጋዴው አፍ እንደ ነበር ከላይ ተናግረናል። ገብረ ሕይወት የገዢው እጅ ንጹሕ እንዲሆን ደከሙ፤ የጠፋውን አፍ ግን አልፈለጉትም። በዘመናቸው ይህንን መጠየቅ ከባድ እንደ ነበረ እናምናለን፤ ከባድ መሆኑ ግን ጉድለትነቱን አያስቀረውም።

እንግዲህ ሁለቱን ሰዎች አስተያይተን ስናበቃ ይህን እናገኛለን። ኃይለ ጊዮርጊስ ሥልጣን ነበራቸው፤ የሚቈጣጠራቸው ሒሳብ ግን አልነበረም። ገብረ ሕይወት ሒሳቡን ዐወቁት፤ የሚያስፈጽሙበት ሥልጣን ግን አልነበራቸውም። በሁለቱም ላይ የተፈረደው በግል ጠባያቸው ብቻ ሳይሆን በወንበሩ አሠራር ነው።

መ. ከጉለሌ ሸማኔ ቤት

ነገሩ የታሪክ ብቻ እንዳይመስል አንድ ቅርብ ምሳሌ እንጨምር። ከዊንጌት ትምህርት ቤት ተነሥቶ በጉለሌ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚሄድ ሰው በየግቢው የመወርወሪያ ድምፅ ይሰማል። ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ከነዚህ ሸማኔዎች አንዱን ስለ ሥራቸው ጠይቀን ነበር። «ድሩ ከፋብሪካ ነው፤ ማጉን ሴቶች ይፈትሉታል። ድር ሲወደድ ሸማ ይወደዳል፤ ሸማ ሲወደድ ሰው የተዘጋጀ ልብስ ይገዛል» አሉን። በነዚህ ጥቂት ቃላት ውስጥ የቀረጥ ትምህርት ሁሉ አለ።

ከውጭ በሚመጣው ድር ላይ ቀረጥ ቢጨመር ጥጥ አምራቹና ያገር ውስጥ ፈትል ፋብሪካ ይጠቀማሉ፤ ሸማኔው ግን ይጎዳል። በተዘጋጀው ልብስ ላይ ቢጨመር ሸማኔው ይተነፍሳል፤ ልብስ አስመጪውና ርካሽ ልብስ የሚገዛው ድኻ ይጎዳሉ። ሁለቱም ቢቀሩ አስመጪው ይጠቀማል፤ መወርወሪያው ጸጥ ይላል። እያንዳንዱ ውሳኔ የሚጠቅመውና የሚጎዳው ሰው አለው። አሁን የሚወስነው ሹም ልብስ አስመጪ ነው እንበል። ለሸማኔው ቢፈርድ ኪሱን ይጎዳል፤ ለአስመጪ ቢፈርድ ለራሱ ፈረደ ይባላል። ፈትል ፋብሪካ ያለው ቢሆንም ነገሩ ያው ነው። በቅን ልብ ትክክለኛውን ፍርድ ቢሰጥ እንኳ ሸማኔው አያምነውም፤ ሕዝብ የማያምነው ፍርድ ደግሞ በወረቀት ላይ ትክክል ቢሆንም በአገር ላይ አይጸናም።

ይህን ስንል የንግድ ሰው ከመንግሥት ሥራ ይራቅ ማለታችን አይደለም። እንዲህ የሚል ካለ ሸማኔውን ስለ ድር አትጠይቁት እንደማለት ነው። ልዩነቱ በመምከርና በመቍረጥ መካከል ነው። የድር ነጋዴው ስለ ድር ይምከር፤ አሳቡም በግልጥ ይጻፍ። ቀረጡን የሚቈርጠው ግን ከድሩ ትርፍ የማይካፈል ሰው ይሁን። ነጋዴው ራሱ ቈራጭ ሊሆን ቢጠራ፥ ከወንበሩ በፊት ሱቁን ያስረክብ።

ሠ. ለዛሬ ምን እንማራለን?

ከነጻነት በኋላ ጉምሩክ ደመወዝተኛ ሠራተኛ ያለው መሥሪያ ቤት እየሆነ ሲሄድ ነጋድራስ የሚለው ማዕርግ ከሥራ ስምነት ወደ ክብር ስምነት፥ ከክብር ስምነትም ወደ ታሪክ መጽሐፍ አለፈ። በ1939 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት ሲቋቋም ለነጋዴው አንድ አፍ ተመለሰለት ማለት ይቻላል። የደርግ መንግሥት በ1970 ዓ.ም. በአዋጅ ምክር ቤቶቹን እንደ ገና አደራጀ፤ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶች አዋጅ ወጣ። በ2002 ዓ.ም. የመንግሥት ባለሥልጣኖች ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ የሚያዝ አዋጅ ታወጀ። የዚህን ሁሉ ትርጉም በነጋድራሱ ታሪክ ብርሃን ብንመለከተው ይገለጥልናል። ምክር ቤቱ አፍን ከእጅ ለመለየት፥ ምዝገባው ደግሞ ሱቅን ከወንበር ለመለየት የታሰቡ ናቸው።

ነገር ግን የታወጀ ሁሉ የተፈጸመ አይደለም። ምክር ቤት የነጋዴው አፍ መሆኑን ትቶ የሹም አጨብጫቢ ከሆነ፥ ነጋድራሱ በሌላ ስም ተመለሰ ማለት ነው። ሀብት ተመዝግቦ መዝገቡን የሚያነብ ከሌለ፥ ሒሳቡ እንደ ድሮው በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ የንግድ ሰው ለመንግሥት ሥራ ሲጠራ «ደግ ሰው ነው ወይ?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት ሦስት ነገር እንድንጠይቅ እናሳስባለን። የሚኖረው በደመወዙ ነው ወይስ ከሹመቱ በሚያገኘው ትርፍ? የሚቈርጠው ጉዳይ ከራሱ ሀብት ጋር ይገናኛል ወይ? ሒሳቡንስ ከእርሱ ሌላ ማን ያነበዋል? ለነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ጥሩ መልስ ካለ ነጋዴ ቢሾም አንፈራም። መልስ ከሌለ ግን መነኵሴ ቢሾም እንፈራለን።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ለተማሪዎች የሩቅ ነገር አይደለም። ከኮሌጃችን የሚወጣው አንዱ ባንክ ቤት፥ አንዱ ፋብሪካ፥ አንዱ ጉምሩክ ይገባል፤ ከሃያ ዓመት በኋላም ከሱቅ ወደ ወንበር፥ ከወንበር ወደ ሱቅ የምንሻገር ከመካከላችን አንጠፋም። በክርክሩ ምሽት አዳራሹ ለሁለቱም ወገን እኩል ማጨብጨቡ ያሳዘነን ስለዚህ ነው። አንዱ ወገን በሰው ደግነት ታመነ፤ ሌላው በሰው ክፋት ታመነ፤ ስለ ወንበሩ አሠራር ግን ማንም አልጠየቀም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በ33 ዓመታቸው ትተውልን የሄዱት መጽሐፍ በቤተ መጻሕፍታችን መደርደሪያ ላይ አለ። በሚቀጥለው ክርክር ስማቸውን ከመጥራታችን በፊት እንድናነበው፥ ያጎደሉትንም እንድንሞላ ለጓደኞቻችን እናሳስባለን። በዚህ ጽሑፍም ስሕተት ያየ መምህር ወይም ተማሪ በሚቀጥለው እትም ቢያርመን በደስታ እንቀበላለን።